የጉዞ ጊታር መምረጥና ድምፁን ማጉላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ጊታሬን አንግቤ ስወጣ፣ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐይቅ ዳር ስንቀመጥ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሰብስቤዋለሁ።

የጉዞ ጊታር ምንድን ነው? ከልጆች ጊታር በምን ይለያል?

የጉዞ ጊታር ለትልቅ ሰው እጅ የተሠራ፣ ግን አጠር ያለ ጊታር ነው። ዋናው መለኪያ ክሩ ነጻ ሆኖ የሚርገበገብበት ርዝመት ነው። ከአንገቱ አናት ክሩ ከሚያርፍባት ነጭ ቁራጭ ተነስታችሁ ሳጥኑ ላይ ክሩ እስከሚታሰርበት ብሪጅ ድረስ በሜትር ለኩት። መደበኛ ጊታር ላይ 650 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። የጉዞ ጊታር ብዙውን ጊዜ ከ540 እስከ 610 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የልጆች ጊታርም ቁመቱ ያን ያህል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ርካሽ የልጆች ጊታር ላይ መቃኛ ቁልፎቹ ይላላሉ፣ አንገቱ ውስጥ የሚያጠነክረው ብረት አይኖርም፣ ፍሬቶቹም (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ልክ ቦታቸው ላይ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጊታሩ ላይ የተጻፈውን 3/4 የሚል ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ሳጥኑ ሲያንስ ድምፁ አያንስም?

ያንሳል። መጀመሪያ የሚጎድለው ቤዙ ነው፤ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አየር ጥቂት ስለሆነ። ቡና ተፈልቶ ሰው ክብ ሠርቶ በተቀመጠበት ክፍል ግን በደንብ ይበቃል። ለሚዘፍን ሰው እንዲያውም ይመቻል፤ ድምፁን አይሸፍንበትም። ሐይቅ ዳር ነፋስ ሲነሳ ግን ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው የሚሰማችሁ። የማጉላቱ ጥያቄ የሚመጣውም እዚያ ነው።

ታዲያ የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

መጀመሪያ የት እንደምትጫወቱ ወስኑ። ቤት፣ ዶርም፣ ሰርግ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መንገድ? ብዙ ሰው ከዋጋው ይጀምርና ኋላ ለሌላ ቦታ የተሠራ ጊታር ይዞ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዓይነት መልኩ ልክ እንደ ትልቁ ሆኖ ያነሰ ጊታር ነው። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው ቤቢ ቴይለር የክሩ ርዝመት 578 ሚሊ ሜትር ነው። ሊትል ማርቲን 584 ነው። በ2010 የወጣው ጂኤስ ሚኒ 597 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳጥኑም ጠለቅ ይላል፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ድምፁ የሚሞላው እሱ ነው። እዘፍናለሁ፣ ሰው መሀል እጫወታለሁ ለሚል ሰው ያለ ማመንታት ይህን ወገን እመክራለሁ። ሁለተኛው ዓይነት በጣም ትንሹ ነው። የያማሃ ጊታሌሌ ክሩ 433 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሚቃኘውም ከጊታር በአምስት ግማሽ ድምፆች ከፍ ብሎ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ወፍራም ጣት ላለው ግን ፍሬቶቹ ይጠብባሉ፤ ዋና ጊታር አድርጋችሁ አትያዙት።

ሦስተኛው ሳጥኑ ጭራሽ የቀጠነ ወይም የሌለው ነው። የማርቲን ባክፓከር ልክ እንደ መቅዘፊያ ቀጭን ናት፤ ለመያዝ የምትቀል፣ ድምፅዋ ግን የተቆነጠጠ። የያማሃ ሳይለንት ጊታር ደግሞ ሳጥን የለውም፤ ዙሪያው ያለው ክፈፍ ተፈቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አንገቱ ሙሉ ርዝመት ስላለው እጃችሁ አዲስ ነገር አይለምድም። ያለ ኤሌክትሪክ ግን ሹክሹክታ ነው።

እኛ አካባቢ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስሙ ያልታወቀ ጊታር ነው። ይህ አያስፈራም። ከነሱ መሀል ደህና የሆነ አለ፤ ፈትሾ የሚለይ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሱቅ ስገባ ምን ልፈትሽ?

ስልካችሁ ላይ ቱነር (ጊታር መቃኛ አፕ) ጭናችሁ ግቡ። ጊታሩን አስቃኙና 12ኛው ፍሬት ልክ ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱት። ደወል የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ቱነሩ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ካሳየ ጥሩ። በጣም ከተራራቁ ያ ጊታር ታች ቢቃና ላይ ይዋሻል። አጭር ጊታር ላይ ይህ ስህተት ይበልጥ ይጎላል፤ የፍሬቶቹ ርቀት ትንሽ ስለሆነ የአንድ ሚሊ ሜትር ጥፋት እንኳ ይሰማል።

ከዚያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት። እንደ ቀስት የጎበጠ ወይም የተጠማዘዘ ከሆነ ተዉት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ የሚርቀው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጣት ያቆስላል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ምቱ። የሚንዘረዘር ካለ ልብ በሉ። ሻጩ ይቸኩል ይሆናል፤ እናንተ አትቸኩሉ። ከብራንዱ ስም ይልቅ ጥሩ መቃኛ ቁልፍና ቀጥ ያለ አንገት ይበልጣል።

ናይለን ክር ወይስ የብረት ክር?

ናይለን ለጣት ለስላሳ ነው፤ ክራር ለለመደ እጅም ይቀርባል። የብረቱ ድምፁ ይጎላል፣ ክሩን ገፍቶ ለማስለቀስም ይመቻል። እኔ ለጉዞ ብረት እይዛለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ። የናይለን ስድስት ክሮች በድምሩ ጊታሩን የሚስቡት 40 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ነው። የብረቱ ግን 70 ኪሎ ይደርሳል። ብሪጁ ከሳጥኑ ሲገነጠል፣ ሳጥኑም ሆዱ ሲነፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ክሩ ጠፋ፣ የተገኘውን ገጠምኩ» እየተባለ ስንት ደህና ጊታር ተበላሽቷል።

በአውቶቡስና በአውሮፕላን እንዴት ልያዘው?

ፖርቶ መጋላ ላይ አትስቀሉት። እኔ አንዴ አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ «ምንም አይሆንም፣ ከላይ አስረዋለሁ» ብሎኝ እሺ አልኩ። ጣርማበር ላይ ዝናብ ጣለ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደሴ ስንደርስ ሌላ ሰው ጆንያ ጭኖበት የጊታሩ ራስ ተሰንጥቆ አገኘሁት። የመጀመሪያ ጊታሬ ነበር። የጉዞ ጊታር ጥቅሙ ጉልበት ላይ መያዙ ነው። በሁለት ጉልበታችሁ መሀል አቁሙት፤ ሚኒባስም ውስጥ ይቻላል። ቦርሳው ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑረው። ከሌለው ራሱንና አንገቱን በጋቢ ጠቅልሉት።

ወደ ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ የሚበረው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ትንሹ ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ ከራስ በላይ ያለው ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ። ጓዝ ውስጥ ከገባ ክሮቹን አንድ ሁለት ዙር አላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትፍቱ። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የምታስነሱበት ፓወር ባንክ ካላችሁ ደግሞ እሱ ወደ ጓዝ ክፍል አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት (mAh) የሚለው ተራው ፓወር ባንክ ወደ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ችግር የለበትም።

ደሴ ቃኝቼው ኮምቦልቻ ስደርስ ለምን ይዛባል?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ከጃኬት ወደ ሸሚዝ ትቀይራላችሁ። ጊታሩም ያው ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ክሩ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። አጭር ጊታር ላይ ክሩ ቀድሞውንም ለዘብ ያለ ስለሆነ ለውጡ ይብሳል። ወደ ባቲ ወይም ከሚሴ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ከዚያም የባሰ ጠብቁ። ስትደርሱ ወዲያው አትቃኙ። ከቦርሳው አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት አሳርፉትና ከዚያ ቃኙት።

እንጨት ደግሞ ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ያውቃል። የሚወደው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ነው። ክረምት ላይ ደሴ በጉምና በዝናብ ስትሸፈን ሳጥኑ ያብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። በበጋው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ መቧጨር ይጀምራል። የሳሙና ማስቀመጫ ወስዳችሁ ቀዳድታችሁ፣ ውስጡ የረጠበና የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ በጋ ላይ ቦርሳው ውስጥ አኑሩ። ሳጥኑ ከአንድ ወጥ እንጨት ሳይሆን ተነባብሮ ከተጣበቀ እንጨት የተሠራ ጊታር ይህን ሁሉ በተሻለ ይችላል። ለመንገድ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ማንኛውንም ጊታር አትተዉ። ማጣበቂያው ይለቃል።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በትንሽ ጊታር በደንብ ይወጣሉ?

ይወጣሉ፤ ለኔ ትልቁ ጥያቄም ይሄ ነው። ባቲና አምባሰል የኛው አገር ስሞች ናቸው። ባቲ ከተማችን፣ አምባሰል ተራራችን። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል እየሰማ ያደገ ሰው ጊታር ሲይዝ እጁ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው። ስለዚህ ጊታር ስትመርጡ ኮርድ መትታችሁ ብቻ አትወስኑ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ አምባሰል ሞክሩበት።

መጀመሪያ ስለ ክሩ መላላት። የክሩ ርዝመት ከ650 ወደ 580 ሲያጥር፣ ያው ክር ያው ድምፅ ላይ ተቃኝቶ ውጥረቱ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ በአንድ በኩል መልካም ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት እየተንሸራተተ የሚያወጣውን ለቅሶ ጊታር ላይ የምናመጣው ክሩን ወደ ጎን በመግፋት ነው፤ ለዘብ ያለ ክር ደግሞ በቀላሉ ይገፋል። በሌላ በኩል ጠንከር አድርጎ ለሚጫን እጅ ክሩ ሳይፈለግ ከፍ ይልና ቅኝቱ ይበላሻል። አምባሰል ላይ ይህ ወዲያው ያጋልጣል። ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ፣ እሱ ከተንጋደደ ዘፈኑ ሌላ ይሆናል። አንቺሆዬማ የባሰ ነው። ማሲንቆና የሰው ድምፅ የሚነኳቸው አንዳንድ ቦታዎች ከፍሬት ጋር ልክ አይገጥሙም። በጆሮ እየተመራችሁ ክሩን ትንሽ በመግፋት ነው የምትደርሱበት።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ወፈር ያለ ክር መግጠም ነው፤ 12 ወይም 13 ከሚለው ቁጥር የሚጀምረውን። ሌላው እኔ የምወደው ነው፤ ጊታሩን በሙሉ አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ መቃኘት። ባለ 580ው ጊታር እንዲህ ሲቃኝ ውጥረቱ ከትልቁ ጊታር ጋር እኩል ይሆናል። ትልቁ ጊታር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያሰራችሁ ያህል ነው። ካፖ መግዛትም ቀረላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አይሞክረውምና። ክራር ክሮቹ ራሳቸው ቅኝቱን ይዘው ነው የሚቆሙት። ጊታርን ደግሞ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ አድርገን እንተወዋለን። ሬውን ወደ ዶ፣ ሶሉን ወደ ፋ አንድ አንድ ድምፅ አውርዱ። አሁን ሳትጫኑ የምትመቷቸው ስድስቱም ክሮች የማይነር ትዝታ ድምፆች ናቸው፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ላ ላይ ካረፋችሁ ትዝታ ነው። እነዚያኑ ድምፆች ይዛችሁ ሚ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ይሆናል። የተሳሳተ ክር የሚባል ነገር ስለሌለ ትንሹ ጊታር እንደ ክራር ያንጎራጉራል። ማታ ብቻችሁን ሞክሩት።

ፒካፕ ያለበትን ልግዛ ወይስ በኋላ ላስገጥም?

ገንዘባችሁ ካነሰ ጊታሩ ላይ አውሉት። መጥፎ ጊታር ሲጎላ መጥፎነቱ ነው የሚጎላው። ፒካፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ ወደ አምፕ የሚልከው ዕቃ፣ በኋላ ይገጠማል።

የሚገጠመው ሦስት ዓይነት ነው። ከብሪጁ አጥንት ሥር የሚገባው ፒዬዞ ይባላል። ለብረትም ለናይለንም ይሠራል፣ በቀላሉ አያፏጭም። ድምፁ ግን ትንሽ ይሰላል፤ ስለዚህ ከጎኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ቀዳዳው ላይ የሚቀረቀረው ማግኔት ነው። ጊታሩን ሳትበሱ ገጥማችሁ ትነቅሉታላችሁ፤ ለተጓዥ እጅግ ይመቻል። ናይለን ላይ ግን አይሠራም፤ ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሳጥኑ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፈው ነው። ርካሽ ነው፤ የጣት ምቱንም፣ የእጅ ጌጥ ኳኳታውንም ሁሉ ይሰበስባል።

ባትሪ ያለበት ጊታር ካላችሁ አንድ ልማድ ያዙ። ጨርሳችሁ ስትቀመጡ ጃኩን ንቀሉ። አብዛኞቹ ላይ ባትሪውን የሚያበራው ጃኩ መሰካቱ ነው። ተሰክቶ ካደረ ባትሪው በከንቱ ያልቃል። ትርፍ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ቦርሳው ኪስ ውስጥ ይኑር።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

ሳሎን ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዋት በቂ ነው። ዳስ ውስጥ ሠላሳ አርባ ሰው ከተቀመጠና ማይክም ካለ 30 ዋት አካባቢ ፈልጉ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ30 ወደ 60 ብትሄዱ ጆሮ የሚሰማው ለውጥ ጥቂት ነው፤ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ለትንሽ ዋት ልዩነት ከባድ አምፕ ተሸክማችሁ አቀበት አትውጡ።

የአምፑ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራው ድምፁን ሆን ብሎ ያጎረንናል። ለሳጥን ጊታር ግን የአኩስቲክ አምፕ፣ ወይም ድምፁን እንዳለ የሚያወጣ ስፒከር ይሻላል። ሁለት መግቢያ ያለው ከሆነ አንዱ ለጊታር አንዱ ለማይክ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋስ?

አምፕ ስትገዙ ባትሪ የሚቀበለውን ግዙ። እኛ አገር ይህ ከዋት በላይ ነው። ለምሳሌ የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ በስድስት፣ 30 ዋት ያለው ኤሲ-33 ደግሞ በስምንት ተራ ደብል ኤ ባትሪ ይሠራሉ። ያ ማለት ከሱቅ የሚገዛ ድንጋይ ይበቃችኋል ማለት ነው። በተደጋጋሚ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪ ግዙ፤ ቶሎ ዋጋውን ይመልሳል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ አምፑን ወዲያው ንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ያኔ ነው። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ጄኔሬተር ከሆነም መጀመሪያ ተነስቶ ድምፁ ይረጋ፣ ከዚያ አምፑ ይሰካ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አምፕ ካላችሁ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር የኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል።

ዶርም ውስጥ ማታ ሰው ሳልረብሽ እንዴት ልለማመድ?

በጊታሩ ጃክ ላይ በቀጥታ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ አለ፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ፒካፕ ካላችሁ ይበቃል። ፒካፕ ከሌለ ብሪጁ አጠገብ ክሮቹ ሥር ለስላሳ ጨርቅ አስገቡ። ድምፁ ይታፈናል፣ እጃችሁ ግን ይሠራል።

በብሉቱዝ ስፒከር ባጫውተውስ?

በብሉቱዝ አይሆንም። ድምፁ በአየር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። ዛሬ የመታችሁትን ነገ የምትሰሙት ይመስላችኋል፤ ምት መጠበቅ አይቻልም። ስፒከሩ የገመድ መግቢያ ካለው ግን ይቻላል። ጊታሩ ባለ ባትሪ ማጠናከሪያ ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ ድምፁ ሩቅና ቀጭን ይሆናል።

ወፍራሙን ጃክ ወደ ቀጭን የሚቀይረውን ስትገዙ ከሞኖ ወደ ስቴሪዮ የሚያደርሰውን ጠይቁ። አለበለዚያ አንደኛው ጎን ብቻ ይናገራል።

ድምፅ ስጨምር ለምን ያፏጫል?

ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ሳጥን ያናውጣል። ፒካፑ ያንን ይሰማና መልሶ ወደ ስፒከሩ ይልካል። እንዲህ እየተዞረ ወይ ያጓራል ወይ ያፏጫል። ሐይቅ ላይ አንድ ሰርግ ላይ ይህ ገጥሞኝ ያውቃል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ጊታሬ አጓራ፤ አምፑን ከጀርባዬ አስቀምጬ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። አምፑን ከፊቴ ወደ ጎን አድርጌ፣ ወንበር ላይ ከፍ አድርጌ፣ ፊቱን ወደ ሰው አዞራለሁ። ከፍ ያለ አምፕ ባነሰ ድምፅ ሩቅ ይሰማል፤ መሬት ላይ ያለውን የተሰብሳቢው እግር ይውጠዋል። ቀጥሎ የጊታሩን ቀዳዳ በጎማ ክዳን እዘጋለሁ። ከታጣ በልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ይሆናል። ከዚያ ፌዝ (Phase) የሚል፣ የድምፁን ሞገድ የሚገለብጥ ቁልፍ ካለ እጫነዋለሁ። ምንም አትመስልም፣ ግን ብዙ ጊዜ ማጓራቱን ታቆመዋለች። አሁንም ካልተወ ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን ቤዝ ቀነስ አደርጋለሁ። የትንሽ ጊታር ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እዚያ አካባቢ ነው።

ሰርግ ላይ ትልቁ ሳውንድ ውስጥ በቀጥታ ልሰካው?

ሚክሰሩ ቅርብ ከሆነ ይቻላል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ተራ የጊታር ኬብል ከስድስት ሜትር ሲያልፍ፣ በተለይ ማጠናከሪያ የሌለው ፒካፕ ከሆነ፣ የድምፁ ጥራት ይደበዝዛል፤ እዝዝዝ የሚል ድምፅም ይጨምራል። መፍትሔው ዲአይ ቦክስ የምትባል ትንሽ ሳጥን ናት። ጊታሩን በአጭር ኬብል እሷ ላይ ትሰካላችሁ፤ ከእሷ ወዲያ በማይክ ኬብል ሩቅ ድረስ ይሄዳል። ሳውንድ የሚያከራዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላቸው፤ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፒዬዞአችሁ ማጠናከሪያ ከሌለው ዲአይ ቦክሷ በኃይል የምትሠራዋ (አክቲቭ የምትባለዋ) ዓይነት ትሁን። ከሚክሰሩ 48 ቮልት በማይክ ኬብሉ በኩል ስለሚመጣላት ባትሪም አትፈልግም።

ለሳውንድ ባለሙያውም አንድ ቃል በሉት፦ «ኬብሉን ስሰካና ስነቅል ዝጋልኝ»። ያ ጧ የሚል ድምፅ ስፒከርም ይገድላል፣ እንግዳም ያስደነግጣል። የራሳችሁን ትንሽ አምፕ ደግሞ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ለራሳችሁ ስሙበት። ክራርና ማሲንቆ አብሮ ካለ ይህ ግዴታ ነው፤ ራሱን የማይሰማ ጊታረኛ ጠንክሮ ይመታል፣ ጠንክሮ ሲመታ ደግሞ ያ ለዘብ ያለ ክር ከቅኝት ይወጣል።

ጊታሩን ይዤ ማይኩን ስነካ ከንፈሬን ይነዝረኛል። ምንድን ነው?

ይሄን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ጊታራችሁ የተሰካበት አምፕና ማይኩ የተሰካበት ሚክሰር ከተለያየ ሶኬት ኃይል እየወሰዱ፣ ወይም መሬት የሚባለው ሦስተኛው ገመድ የሌለበት ሶኬት ላይ ተሰክተው ይሆናል። በዚያ ጊዜ የብረት ክሩና የማይኩ ብረት መካከል ኃይል ይፈጠራል፤ የምታገናኙት እናንተ ናችሁ። ዝናብ ያረጠበው ሜዳ ላይ ከሆነ ሊገድል ይችላል።

ሁሉንም ከአንድ ሶኬት በሚወጣ፣ የመሬት መስመር ባለው ዲቫይደር ላይ ሰኩ። የዲቫይደሩ የመሬት ብረት ተቆርጦ ከሆነ ቀይሩት። ማይኩን ወደ አፋችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ክሩን እንደያዛችሁ በሌላኛው እጃችሁ ጀርባ አትሞክሩት፤ የኤሌክትሪክ ሞካሪ (ቴስተር) ያለው ሰው ይፈትሽላችሁ። ሞካሪ ከሌለ፣ ወይም አንዴም ቢሆን ከነዘራችሁ፣ አምፑን ከግድግዳው ነቅላችሁ በባትሪ ተጫወቱ፤ ማይኩን ግን እስኪፈተሽ አትንኩት።